ምሳሌውና አማናዊው እሳት

የሰው ልጅ በዐይኑ ሊከበው፣ በእጁ ሊዳስሰው፣ በአጭር ዕድሜውም ቆሞ ሊጠብቀው የማይቻለውን ታላቅ ነገር ሁሉ አሳንሶና አቅርቦ በፊቱ ሊመለከተው መውደዱ ከጥንት ጀምሮ አብሮት የኖረ ጠባዩ ነው። ኮከብ ተመልካቹ የሰማይን ዙረት በናስ ቀለበት ያሳያል፤ አናጺው ቤተ መንግሥቱን ከመሥራቱ አስቀድሞ ቅርጹን በእንጨት አበጅቶ ለንጉሡ ያቀርባል፤ ንጉሥ ላሊበላም፣ ትውፊቱ እንደሚነግረን፣ የኢየሩሳሌም መንገድ ለከበደው ሕዝብ በሮሐ ምድር ዮርዳኖስ የሚባል ወንዝ፣ ጎልጎታና ደብረ ሲና የሚባሉ አብያተ ክርስቲያናት እንዲኖሩት አደረገ። ወደ ላስታ የወጣ ምእመን ከዚያ ዮርዳኖስ ዳር ሲቆም እውነተኛው ዮርዳኖስ በሌላ አገር እንደሚፈስስ ያውቃል፤ ማወቁም ጸሎቱን አያጎድልበትም። ይህ ሁሉ እንዳለ ሆኖ ግን ሊመረመር የሚገባው አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ይኸውም፦ መንሥኤው ሌላ፣ ባሕርዩም ሌላ የሆነ ነገር ስለ ሌላው ነገር እውነተኛ ምስክር ሊሆን ይችላልን? ወይስ ምሳሌ ሁሉ፣ ምንም በቅን ልቡና ቢነገር፣ በመጠኑ ሐሰት ነው?

ይህን ለመመርመር ወዲያው የነገረ መለኮትን መጻሕፍት መግለጥ አያሻም፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ባለፈው ዓመት ቢሾፍቱ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የእሳተ ገሞራ ሙከራ ሲሠራ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አይቻለሁ። መምህሩ ባዶ ሃይላንድ በጣውላ ላይ አቁመው፣ ዙሪያውን በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅጥቀው፣ ተማሪዎቹ በላዩ ጭድ ያለበት ጭቃ እንዲለስኑበት አደረጉ፤ ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ የሚረዳ መሆኑን ያስረዱት ልጆቹ እንጂ እርሳቸው አልነበሩም፤ ቤት ሲለሰን አይተዋልና። በጠርሙሱ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ያህል ቤኪንግ ሶዳ፣ አረፋው ቶሎ እንዳይከስም ጥቂት ጠብታ ላርጎ፣ መልክ እንዲሰጠውም የቀይ ሥር ጭማቂ ጨመሩ። ከዚያ በኋላ አንዲት ልጅ አቼቶውን ከኩባያ ስታፈስስበት ቀላ ያለው አረፋ ከጠርሙሱ አፍ ገንፍሎ ወጣ፤ ከተማሪዎቹ አንዱ ጭቃውን ሲለስን በአውራ ጣቱ የተወውን ስርጉድ ተከትሎም በአንድ ወገን ብቻ ወረደና በጣውላው ላይ ተንጣለለ። ክፍሉ በሳቅና በጩኸት ተሞላ፤ የአቼቶውም ሽታ እኔ እስከ ተቀመጥሁበት ድረስ አፍንጫ ይሰነፍጥ ነበር።

ጩኸቱ ሲበርድ አቼቶውን ያፈሰሰችው ልጅ እጇን አወጣችና፣ «ቲቸር፣ እሳቱ የታለ?» ብላ ጠየቀች። «ይኼኛው እሳት የለውም» አሏት። «ታዲያ እውነተኛው ተራራ ውስጥም አቼቶ ነው ያለው?» ክፍሉ እንደገና ሳቀ፤ መምህሩ ግን አልሳቁም። ጠመኔ አንሥተው ሰሌዳውን በአንድ ቀጥ ያለ መሥመር ለሁለት ከፈሉና በአንዱ ወገን «ይመስላል»፣ በሌላው ወገን «አይመስልም» ብለው ጻፉ፤ ተማሪዎቹን እየጠየቁም ሁለቱን ወገኖች ይሞሉ ጀመር። ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ልጅ «ሰው አይገድልም» አለ፤ መምህሩም ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና ያንንም በሁለተኛው ወገን ጻፉት። ደወሉ ሲደወል «አይመስልም» የተባለው ወገን እስከ ሰሌዳው ግርጌ ወርዶ ነበር፤ «ይመስላል» የተባለው ግን ገና ከራሱ ላይ ነበር። ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ የፍልስፍና ሐተታም በአቅሜ አንብቤአለሁ፤ ስለ ምሳሌ ባሕርይ ግን ከዚያ ሰሌዳ ይልቅ የተስተካከለ ትምህርት አይቼ አላውቅም።

በመጀመሪያው ወገን የሰፈረው በአጭሩ ይህ ነበር፦ በጠርሙሱም በተራራውም ፈሳሹን ወደ ላይ የሚያነሣው ጋዝ ነው፤ የወጣውም ነገር ቁልቁለቱ ወደ መራው ይወርዳል። ከዚህ በቀር ያለው ሁሉ ልዩነት ነው። በጠርሙሱ ውስጥ አቼቶና ሶዳ ተገናኝተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወልዳሉ፤ በከርሠ ምድር ግን እንዲህ ያለ የሁለት ባላጋራዎች መገናኘት አያስፈልግም። ሙቀቱ እንደየዓይነቱ ከ700 እስከ 1,200 ዲግሪ በሚደርሰው ቅልጥ አለት ውስጥ የውሃ እንፋሎት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የድኝ ጋዝ ሟምተው ይኖራሉ፤ ከበላዩ ያለው የአለት ክብደት እስከ ተጫነው ድረስ ጋዙ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፤ ቅልጡ ወደ ላይ ወጥቶ ጫናው ሲቀልልለት ግን ጋዙ አረፋ ሆኖ ይለያል፣ ይሰፋል፣ የተሸከመውንም ቅልጥ ይገፋዋል። ቅልጡ እንደ ኤርታ አሌው ቀጭንና ፈሳሽ እንደ ሆነ ጋዙ ያለ ብዙ ሁከት ያመልጣል፤ በዚያም ምክንያት ሰዎች በኤርታ አሌ አፋፍ ቆመው የእሳቱን ባሕር ቁልቁል ለማየት ችለዋል፤ ወፍራምና የሚጎተት እንደ ሆነ ግን ጋዙ ታፍኖ ይቆይና ቅልጡን አድቅቆ፣ አመድ አድርጎ ወደ ሰማይ ይበትነዋል። ከዚህ አንጻር ለአገራችን ልጆች ከአቼቶው ይልቅ ወደ ነገሩ የቀረበ መማሪያ ከየሱቁ ይገኛል፤ ያልተከፈተ የአምቦ ውሃ። ክዳኑ እስከ ተዘጋ ድረስ ውሃው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሲከፈት ያልነበረ የሚመስለው አረፋ ከየቦታው ይነሣል፤ ተነቅንቆ የተከፈተ እንደ ሆነም ከፋቹን ሳያጥብ አይቀርም። በአምቦው ጠርሙስ «ይመስላል» የሚለው ወገን ይረዝማል፤ ነገር ግን እሳት አሁንም የለበትም፤ ያ ልጅ እንዳለውም ሞት የለበትም።

ነገሬን ጥቂት ላቋርጥና፣ እነዚያ ልጆች የጭቃ ተራራ የሚለስኑባት ከተማ ራሷ በጥንት እሳት አፍ ዙሪያ የተቆረቆረች መሆኗን ላንሣ። ቢሾፍቱ፣ ሆራና ባቦጋያ የሚባሉት ሐይቆች የተኙባቸው ጎድጓዳ ስፍራዎች ወደ ላይ የሚወጣው ቅልጥ ከከርሠ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ በእንፋሎት ኃይል ምድርን ሲያፈነዳ የተከፈቱ ናቸው። በሆራ አርሰዲ ዳር በየዓመቱ ሕዝብ ለምለም ሣር ይዞ ለኢሬቻ ምስጋና ይሰበሰባል፤ ከዚያው ሆኖ ወደ ደቡብ ሲመለከቱት ወደ 3,000 ሜትር የሚደርሰው ዝቋላ ይታያል፤ በእርሱም ራስ ላይ፣ አንድ ጊዜ እሳት በተፋው ጉድጓድ ውስጥ ሐይቅ አለ፤ ከሐይቁም አጠገብ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም። የሁለቱ ምስጋና አቅራቢዎች ቋንቋና ሥርዓት ይለያያል፤ የቆሙበት መሬት ግን አንድ ዓይነት ታሪክ አለው። በመምህሩ ላይ ባለሥልጣን ብሆን ኖሮ ከጭቃው ሙከራ በኋላ ተማሪዎቹን ወደ ሐይቁ አፋፍ ይዘዋቸው እንዲሄዱ አዝዝ ነበር፤ ደግነቱ አይደለሁም፤ ሳያዝዟቸውም ይሄዱ ይሆናል።

«አይመስልም» የሚለውን ወገን የረሳ ምሳሌ ሊቃውንትን እንኳ ምን ያህል እንደሚያስት የሳይንስ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ኒኮላ ሌመሪ እ.ኤ.አ. በ1700 ለፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ባቀረበው ጽሑፍ፣ የብረት ብናኝና የድኝ ዱቄት አዋሕዶ፣ በውሃ ለውሶ ከመሬት በታች ቢቀብረው፣ ከሰዓታት በኋላ መሬቱ እንዳበጠ፣ እንደ ተሰነጠቀ፣ ከስንጥቁም ትኩስ የድኝ እንፋሎትና ነበልባል እንደ ወጣ ገለጸ። ከዚህም ተነሥቶ የከርሠ ምድር እሳትና የምድር መናወጥ ብቻ ሳይሆን ዐውሎ ነፋስ፣ መብረቅና ነጐድጓድ ሳይቀር ከዚህ ዓይነት የብረትና የድኝ መፍላት የሚመነጩ ናቸው ብሎ አስተማረ። ትምህርቱ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ተቀባይ አላጣም፤ ሙከራውም በስሙ እየተጠራ በየአዳራሹ ለተመልካች ይታይ ነበር። ዛሬ ግን ተራራ የሚፈነዳው ብረትና ድኝ በሆዱ ስለ ተዋጉ ነው የሚል የሥነ ምድር ሊቅ አይገኝም።

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው፣ ሌመሪን ያሳተው የምሳሌው ድካም ሳይሆን ብርታቱ መሆኑን ነው። የእርሱ ሙከራ እሳት ነበረው፤ የድኝ ሽታ ነበረው፤ መሬቱ ያብጥና ይሰነጠቅ ነበር፤ ማንም ሳይነካውም በራሱ ጊዜ ይነሣ ነበር። ከአማናዊው ጋር በመልክም በሽታም በድምፅም እጅግ ስለ ተቀራረበ፣ በምክንያትም አንድ መሆን አለበት ተባለ። የአቼቶው ጠርሙስ ግን ማንንም አያስትም፤ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ እንኳ ወዲያው «እሳቱ የታለ?» ትላለች። ለዲዮናስዮስ ዘአርዮስፋጎስ በተሰጠው ስለ ሰማያውያን መዓርጋት በሚናገረው ድርሰት ውስጥ ይህን የሚመስል ጥልቅ ሐሳብ አለ፤ ቅዱሳት መጻሕፍት የማይታየውን ዓለም በአንበሳ፣ በላም፣ አልፎም በትል ሲመስሉት፣ በወርቅና በብርሃን ከመመሰል ይልቅ ለአንባቢው ደኅንነት ይሻላል ይላል፤ ሰማይ አንበሶች የሚሰማሩበት መስክ ነው ብሎ የሚያምን አእምሮ ስለማይገኝ፣ ሕሊና ከምሳሌው ላይ ሳያርፍ ወደ ላይ እንዲያልፍ ይገደዳል፤ የሚያበራ መልክ ያላቸውን፣ ነጭ ልብስ የለበሱትን ሰዎች ሲሰማ ግን እዚያው ይቆማል፤ ቆሞም ያየሁት ራሱን ነው ይላል። እኔም በዚህ ፍርድ እስማማለሁ። ዛሬ በኮምፒዩተር ተሠርተው የሚታዩት የእሳተ ገሞራ ምስሎች፣ ጢሱና ነበልባሉ ከእውነተኛው ሊለይ እስከማይቻል ድረስ ያማሩት፣ በጭቃና በአቼቶ ቦታ የገቡ እንደ ሆነ፣ ልጆቹ የሚጠይቁት ጥያቄ ያንሳል ብዬ እሠጋለሁ።

ከዚህ ተነሥቶ ግን «እንግዲያስ ከትንሹ ወደ ትልቁ የሚወስድ መንገድ ጨርሶ የለም» የሚል ሰው ይነሣ ይሆናል፤ ተነሥቶም ነበር፤ ያውም ተራ ሰው አልነበረም። ዛሬ የሥነ ምድር ሳይንስ አባት ተብሎ የሚታወሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ኸተን፣ ብዙዎቹ አለቶች በከርሠ ምድር ሙቀት ቀልጠው የተገኙ ናቸው ብሎ ያስተማረ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ትንሽ እሳት አንድደው የማቅለጫ ዕቃ ግርጌ እያዩ ስለ ምድር ታላላቅ ሥራዎች ሊፈርዱ በሚሹ ሰዎች ላይ በመጽሐፉ ተሳልቋል። ወዳጁና ተከታዩ ሰር ጄምስ ሆል ግን የመምህሩን ትምህርት በእሳት ሊፈትን ይመኝ ነበር፤ ነገር ግን መምህሩን አክብሮ ዝም አለ፤ ኸተን እ.ኤ.አ. በ1797 ካረፈ በኋላ ነው በ1798 የሙከራውን ውጤት ለኤድንብራ ሊቃውንት ማኅበር ያቀረበው።

የኸተን ተቃዋሚዎች ክርክር ይህ ነበር፦ ባዛልት ቀልጦ የነበረ ከሆነ ሲበርድ መስተዋት በሆነ ነበር፤ ባዛልት ግን መስተዋት ሳይሆን ጥቃቅን ፍሬ ያለው ድንጋይ ነው፤ ስለዚህ ቀልጦ አያውቅም። ሆል ከስኮትላንድ የተገኘ ባዛልትን፣ ከቬሱቪየስና ከኤትና የመጣውንም የተራራ ትፍ በምድጃ አቀለጠ፤ በፍጥነት ሲያበርደው መስተዋት ሆነ፤ ያንኑ መልሶ አቅልጦ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ሲተወው ግን እንደ ቀድሞው ፍሬ ያለው ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። የድንጋዩን ጠባይ የወሰነው መቅለጡና አለመቅለጡ ሳይሆን የመብረዱ ፍጥነት መሆኑ በዚህ ታወቀ። በስምጥ ሸለቆ መንገድ ዳር የሚለቀመው ጥቁርና አንጸባራቂው ባልጩት፣ የጥንት ሰዎች ምላጭ ያደረጉት ድንጋይ፣ እንዲሁ ፍሬ ለማውጣት ጊዜ ሳያገኝ የበረደ ቅልጥ ነው። እንግዲህ መምህሩ የናቀው ትንሽ ማቅለጫ መምህሩን ከተቃዋሚዎቹ አዳነው፤ ደቀ መዝሙሩም ይህን ለማድረግ የመምህሩን ሞት መጠበቁ የሚያሳዝንም የሚያስከብርም ነገር ነው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ግን እኔ ልፈርድ አልደፍርም።

ሌመሪና ሆል ሁለቱም ትልቁን በትንሹ ጠየቁ። ነገር ግን ሌመሪ ከቀበረው ጭቃ የሰማይንና የምድርን ምሥጢር ሁሉ እንዲነግረው ፈለገ፤ ሆል ግን ከማቅለጫው የጠየቀው ስለ መብረድ ብቻ ነበር፤ ስለ ተራራው መነሣትም፣ ስለ እሳቱ ምንጭም አላስጨነቀውም። በዚህ ዓይነት ምሳሌ በተጠየቀበት ወሰን ውስጥ እውነተኛ ምስክር ሊሆን ይችላል፤ ወሰኑን ተሻግሮ እንዲመሰክር የተገደደ ጊዜ ግን ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል፤ ሐሰቱም የገዳጁ እንጂ የምሳሌው አይደለም።

በቤተ ክርስቲያናችን ጉባኤ ቤት ይህ ነገር ከጥንት የታወቀ ነው። ምሥጢረ ሥላሴ በፀሐይ ይመሰላል፤ ክበቡ በአብ፣ ብርሃኑ በወልድ፣ ሙቀቱ በመንፈስ ቅዱስ፤ ሦስት ሲሆኑ አንዲት ፀሐይ እንጂ ሦስት ፀሐዮች አይባሉም። መምህሩ ይህን ተናግሮ ሲያበቃ ግን ምሳሌ ምንጊዜም ከአማናዊው የሚያንስ መሆኑን ሳይጨምር አያልፍም። ተማሪ ሳለሁ ይህ ተጨማሪ ቃል የትሕትና ልማድ ይመስለኝ ነበር፤ ታሪኩን ላነበበ ግን የልማድ ነገር አይደለም። ሰባልዮስ አብም ወልድም መንፈስ ቅዱስም አንድ አካል ናቸው፣ የሚለያዩት በስምና በግብር ብቻ ነው ብሎ በ3ኛው መቶ ዓመት የካደው ነው፤ ኤጲፋንዮስም እንደ ዘገበው፣ የእርሱ ተከታዮች ትምህርታቸውን ያስረዱ የነበረው በዚያችው ፀሐይ፣ በዚያው ክበብ፣ በዚያው ብርሃንና በዚያው ሙቀት ነበር። የፀሐይ ብርሃን ለብቻው አካል የለውም፤ ሙቀቷም እንደዚሁ፤ እነርሱም ምሳሌውን እስከ መጨረሻው ነዱትና ለወልድም ለመንፈስ ቅዱስም አካል ነሱ። ስለዚህ አንዲት ፀሐይ በአንዱ አፍ ሃይማኖት፣ በሌላው አፍ ክህደት ሆነች፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነትም «አይመስልም» የሚለው ወገን ተጽፏል ወይስ አልተጻፈም የሚለው ብቻ ነው።

እስካሁን ተራራው አማናዊው፣ ጠርሙሱ ምሳሌው ነበር። ነገር ግን በሃይማኖት ሰዎች ዘንድ ተራራው ራሱ ለሌላ፣ ለሚበልጥ እሳት ምሳሌ ሆኖ ሲነገር ኖሯል። አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ፣ ሥጋ ሳያልቅ ለዘለዓለም ሊነድ አይችልም ለሚሉት ሲመልስ፣ የሲሲሊያን ተራሮች ጠቅሶ፣ እነሆ ከጥንት ጀምሮ እየነደዱ አላለቁም ብሎ ይከራከራል። ሙሉ ቃሉ በግእዝ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክም የእሳት ሸለቆዎችን፣ የቀለጠ ማዕድንንና የድኝ ሽታን ያነሣል፤ ከሁሉም የሚደንቀኝ ግን፣ ያሳቱ መላእክት ከሚቀጡበት ሸለቆ የሚወጣው ትኩስ ውሃ ለነገሥታትና ለኃያላን የሥጋ ፈውስ እየሆነ የፍርዳቸውም ምስክር እንደሚሆን የሚናገርበት ክፍል ነው። አዲስ አበባ በፍል ውሃ ዳር የተቆረቆረች፣ ነገሥታትና መኳንንት ታጥበው የተፈወሱባት ከተማ ስለ ሆነች ያን ክፍል ያለ አንዳች ፈገግታ ለማንበብ አልቻልሁም።

የአውግስጢኖስ ማስረጃ ግን ዛሬ አይቆምም። ተራራው አይነድም፤ የቀለጠ አለት የሚቃጠል እንጨት አይደለም፤ የሚወጣው ከመቃጠል ሳይሆን ከመቅለጥ ነው፤ ኤትናም በዘመናት ውስጥ ሲፈርስና እንደገና ሲነሣ የኖረ እንጂ ሳይለወጥ የኖረ ተራራ አይደለም። ማስረጃው ሲወድቅ ትምህርቱም ይወድቃል? ትምህርቱ በተራራው ላይ የተመሠረተ ቢሆን ኖሮ አዎን፤ ነገር ግን አውግስጢኖስ ያመነው ከተራራው በፊት ነበር፤ ተራራውን የጠራው ለሚጠራጠር ሰው ረዳት እንዲሆን ብቻ ነው። እምነቱን በኤትና ላይ የሠራ አንባቢ ቢኖር ግን ለእርሱ አዝናለሁ።

ከዚህ የሚከፋው የተራራውን ምሳሌነት በሰው ላይ ሲጭኑት ነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ምድር፣ ከኤርታ አሌ በስተ ደቡብ የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ፤ ከዚያ በፊት በታሪክ የታወቀ ፍንዳታ አልነበረውም። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በዖማን አልፎ እስከ ሕንድ ሰማይ ደረሰ፤ በአፍዴራ በኩል ያሉ የአርብቶ አደር መንደሮች አመድ ለበሱ፤ ለከብቶቹም ግጦሽ ጠፋ። እንዲህ ባለ ጊዜ የእግዚአብሔር ቁጣ ነው፣ የኃጢአት ዋጋ ነው የሚል ድምፅ ከመካከላችን አይጠፋም፤ አብዛኛውን ጊዜም ይህን የሚለው አመዱ ያልደረሰበት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 በማርቲኒክ ደሴት የፔሌ ተራራ ሴን ፒየር የተባለችውን ከተማ ከ28,000 ያህል ነዋሪዎቿ ጋር በደቂቃዎች ውስጥ ሲያጠፋት፣ ከሟቾቹ መካከል ካህናትና ሕፃናት ነበሩ። በሰሊሆም ግንብ ስለ ተናደባቸው 18 ሰዎች ጌታ በሉቃስ ወንጌል የሰጠው መልስ ለዚህ ጉዳይ የተነገረ ያህል ነው፤ የሞቱት ከቀሩት ይልቅ ኃጢአተኞች አልነበሩም። የኬሚስት ምሳሌ ወሰኑን ሲሻገር የሚጎዳው ዕውቀት ነው፤ የሰባኪ ምሳሌ ወሰኑን ሲሻገር ግን በአመድ መካከል ፍየሉን የሚፈልገውን ሰው እንደገና ይወግረዋል። ያ ልጅ «ሰው አይገድልም» ያለው ቃል በሰሌዳው ላይ መጻፉ ተገቢ የነበረውም ለዚህ ነው፤ ከሙከራው የጎደለው ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነውና።

የሊቃውንቱም መሣሪያ ቢሆን ምሳሌ ነው። ጃፓናዊው ኪዮ ሞጊ እ.ኤ.አ. በ1958 ምድርን ወጥ እንደ ሆነ፣ ሲጫኑት የሚሰምጥ ሲለቁት የሚመለስ አካል፣ የቅልጡን ማከማቻም በውስጡ እንዳለች ትንሽ ሉል ቆጥሮ፣ ሉሏ ስታብጥ በላይ ያለው መሬት ምን ያህል እንደሚነሣ የሚያሰላ ቀመር አወጣ። በተራራ ሆድ ውስጥ እንዲህ ያለች የተስተካከለች ሉል አለች ብሎ የሚያምን የለም፤ ሞጊም አላመነም፤ ቀመሩ ግን እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር፣ በዳባሁ ተራራ አካባቢ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መሥመር ስትከፈት፣ አንዳንዱም ስፍራ እስከ 8 ሜትር ሲሰፋ፣ ከቅልጡ አብዛኛው ከመሬት በታች ቀርቶ ሳለ ታሪኩ የተነበበው በሳተላይት ራዳርና እንዲህ ባሉ የታሰቡ ምሳሌዎች ነው።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድር ለወራት ስትንቀጠቀጥ፣ ንዝረቱም እስከ አዲስ አበባ ሲሰማ፣ ባለሙያዎቹ የመሬቱን ማበጥና መስመጥ ለክተው ከሥሩ ቅልጥ እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ተረዱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቀያቸው እንዲነሡ ተደረገ። ቅልጡን በዐይኑ ያየ ሰው አልነበረም። ልጇን አዝላ፣ የቀረላትን ዕቃ ጭና የወጣችው እናት ቤቷን የተወችው ማንም እንዳለ ስለማያምነው ሉል በተሠራ ስሌት ምክንያት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ተራራው ግን በዚያ ወራት ቅልጥ አልተፋም፤ እንፋሎትና ስንጥቅ ታይቶ ነገሩ ቀስ በቀስ በረደ።

እንግዲህ ምሳሌው ዋሽቷልን? እዚህ ላይ በየዓመቱ ሦስት ቀን የምንጾምለት የነነዌ ታሪክ ይታወሰኛል። ዮናስ ከተማይቱ ትገለበጣለች ብሎ ሰበከ፤ ከተማይቱም አልተገለበጠችም፤ ነቢዩም ቃሉ ሐሰት የሆነ መስሎት እጅግ ተቆጣ፤ ዳስ ሠርቶም የሚሆነውን ሊያይ በከተማይቱ ትይዩ ተቀመጠ። የዮናስ ጉድለት የማስጠንቀቂያ ቃልን እንደ ትንቢት ሰነድ መቁጠሩ ነበር፤ ቃሉ የተላከው ሰው እንዲተርፍ እንጂ ነቢዩ እውነተኛ ሆኖ እንዲገኝ አልነበረም። የመሬቱ ስሌትም ተራራው በዚህ ቀን ይፈነዳል አላለም፤ ከሥሩ ሊፈነዳ የሚችል ነገር ተነሥቷል አለ፤ ወሰኑም እዚያ ላይ ነበር። ያቺ እናት በስሌቱ ማመኗ ከሃይማኖት እምነት ጋር አንድ ነው አልልም፤ ሃይማኖት ተስፋ ለሚደረገው ነው፣ ይህ ግን ለሚፈራው፤ ሆኖም ሁለቱም ያልታየውን በታየው መስካሪነት የሚቀበሉ ናቸውና ጨርሰው ባዕዳን አይደሉም። ወደ ቀያቸው የተመለሱት አንዳንዶቹ «በከንቱ አስነሡን» ቢሉ ሊፈረድባቸው አይገባም፤ የጠፋው ከብትና ያለፈው የእርሻ ወቅት የእነርሱ ነውና፤ ካሣውም ከስሌቱ ጋር ሊታሰብ ይገባ ነበር። የሥነ ምድር ባለሙያው ግን እንደ ዮናስ ዳስ ሠርቶ የሚቆጣበት ጊዜ የለውም፤ በስምጥ ሸለቆ መሬቱ ገና መሰንጠቁን አላቆመምና ነገም መለኪያውን ማንበብ አለበት።